የቅዳሜ ባቄላ

የባቄላውን ቅርፊት በጥፍሬ እየገፈፍኩ በሳህኑ ጠርዝ ላይ እደረድር ነበር። ፍሬውን ግን አልጎረስኩትም። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፏል። ባለቤቴ ታንጉ ከምድጃው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ብትሰጠኝም እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ቀዘቀዘ እኮ» አለች ሳትዞር።

«እየበላሁ ነው።»

«ቅርፊቱን?»

 ሊቀትር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ምንም ነገር በአፌ አይገባም።

ቄስ ነኝ። ከንፋስ መውጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ቅዳሴ የሚቆመው ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ በጠቅላላው አምስት ሰው ሲገኝ ነው። ቀዳሽ የሚሆን ሰው ዐሥራ ስምንት ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። ለእሑድ ንጋት ቅዳሴ ይህ ማለት ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ አፍን መዝጋት ነው። ስለዚህ ታንጉ ከተጋባን ጀምሮ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ራቱንም የነገውን ቁርስም በአንድ ሳህን ታቀርብልኛለች፦ የባቄላ ንፍሮ፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወፍራም ሽሮ፣ ከሥሩ ሁለት እንጀራ። «ባቄላ አንጀት ይይዛል» ትላለች። አባቷም ቄስ ነበሩ፤ እናቷ እሳቸውን እንዲሁ ስታበላቸው እያየች ነው ያደገችው።

የእኔ አንጀት ግን አልተያዘም። ሁለት ዓመት ሆነው። ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል፤ አንዱን ሳምንት ያስቀምጠኛል፣ ሌላውን ሳምንት ይደርቃል። ከሁሉም የሚብሰው እሑድ ንጋት ላይ ነው። ቅዳሴ ከተጀመረ ቀዳሽ ከመቅደስ አይወጣም። ባለፈው ጥር፣ ከመንበሩ ፊት ቆሜ ሳለሁ ቁርጠቱ መጣ። ላቤ ከግንባሬ እየወረደ ጨረስኩ። ሰዉ «ቄሱ በተመስጦ አላባቸው» ብሎ ሲያደንቅ እኔ በጓሮ በኩል እየሮጥኩ ነበር። በሚያዝያ ደግሞ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ ልገባ ስል ያዘኝ። አውልቄ ወጣሁ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባ ቀለመ ወርቅ ከወንዙ ማዶ ቄስ ሞላልኝን አስጠርተው እስኪመጡ ምእመኑ እስከ አራት ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። ቅዳሜ እጾማለሁ፣ እሑድ ንጋት ሆዴን አዳምጣለሁ፣ ከዚያ መቋሚያዬን ይዤ ከውጭ እቆማለሁ። ቄስ ሞላልኝ በየሳምንቱ ወንዝ ተሻግረው በእኔ ቦታ ይቀድሳሉ።

መቅደስ መግባት የተወ ቄስ በእኛ አገር የሚታማው በአንድ ነገር ነው። ክህነቱ ፈርሷል፣ በትዳሩ ላይ ሌላ ነገር አለ ይባላል። ታንጉ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ ዝም ይሉ ጀመር። ይህን የነገረኝ አንድ ዲያቆን ነው፤ እሷ ቃል አልተነፈሰችም።

ነሐሴ አንድ ቀን ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ነው። ቄስ ሞላልኝ የራሳቸው ደብር ስላለባቸው አይመጡልንም። እኔ ካልገባሁ አባ ቀለመ ወርቅ ብቻቸውን ናቸው፤ በአንድ ቄስ ቅዳሴ የለም። ዓመቱን ሙሉ ፍልሰታን የሚጠብቁት እናቶችና ሕፃናት በክረምቱ የሞላውን ወንዝ እየተሻገሩ ማዶ ሄደው ሊቆርቡ ነው፤ ወይም ሳይቆርቡ ሊቀሩ ነው።

የባቄላዋ ቅዳሜ በሰኔ መጀመሪያ ነበረች። ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነበረኝ።

ከዚያች ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ንፋስ መውጫ ወርጄ ነበር፤ መድኃኒት ቤት። ኮሶ ጠጥቻለሁ፣ ተልባ በጥብጫለሁ፣ የአሜባ ክኒን አራት ጊዜ ጨርሻለሁ። አምስተኛውን ልገዛ ነው የሄድኩት። የምትሸጠው አመተ ሥላሴ የምትባል ልጅ ናት፤ ነጭ ጋወን ለብሳ፣ ጠጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች።

«ያችን የአሜባዋን ስጪኝ» አልኳት።

«ስንተኛ ጊዜዎ ነው አባ?»

«አምስተኛ።»

«ተመርምረው?»

«በሽታዬን አውቀዋለሁ።»

ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አየችኝ። «እኔ ከእርስዎ ደብር መጥቼ ድጓ አውቃለሁ ብልዎ ምን ይሉኛል?»

«እስቲ አዚሚ እልሻለሁ።»

«በሉ እንግዲያው፣ ሆድዎ ያዚም። ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩና ይምጡ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ተናደድኩ፤ ግን ሄድኩ። ሰገራዬንም ደሜንም አዩ። ትልም የለ፣ አሜባም የለ። ክብደቴ አልቀነሰም። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ እስከ ታች አነበበችው።

«ደም አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም።»

«ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ያስወጣዎታል?»

«እሱስ የለም። ቀን ነው ጠላትነቱ።»

«እንግዲህ አንጀትዎ አልቆሰለም። ግን ይቆጣል። ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፤ ሰው ስለሚያፍር አይወራም እንጂ። የፈጠሩትም አይደለም፣ የኃጢአትም አይደለም።» የመጨረሻውን ቃል ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ሳልነግራት እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። እንደ ቁጡ በሬ ይቁጠሩት። ጠባዩን ካወቁለት ያርሳል። ደም ካዩ ወይም ከከሱ ግን አንድ ቀንም አያሳድሩት፤ ሐኪም ቤት ነው።»

ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ሰጠችኝ። «በሚያሰጋዎት ቀን ጠዋት ከቤት ሳይወጡ አንድ ይዋጡ።»

«በቅዳሴ ጠዋት?»

አፏን በመዳፏ መታች። «ውይ፣ ይቅር ይበለኝ!» ሁለታችንም ሳቅን። ስለ ሆዴ ስስቅ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ግን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቅዳሜ ቀትር ሳይደርስ ዋጥኩት። እስከ ረቡዕ ሆዴ ድንጋይ ሆነ። ተመልሼ ስነግራት አልሳቀችም።

«የእርስዎ አንዴ የሚለቅ፣ አንዴ የሚደርቅ ዓይነት ነው፤ ክኒኑን ለመንገድ ቀን ያስቀምጡት። ለመቅደስ የሚሆንዎት ከምግብ ነው የሚገኘው። እስቲ ከወሩ መባቻ ጀምሮ የበሉትንና የታመሙበትን ቀን ይንገሩኝ። ያስታውሳሉ?»

ድጓ የተማረ ሰው ይህን አይጠየቅም። በየቅዱሱ ቀን ቆጠርኩላት። በአቦ ማኅበር ነበር፤ ጠላና የባቄላ ንፍሮ፣ በማግሥቱ ታመምኩ። በሥላሴ ቤቴ ድንች በላሁ፣ ደህና ዋልኩ። በሚካኤል ዝክር፣ ያው ጠላና ንፍሮ፣ በማግሥቱ ታመምኩ። በኪዳነ ምሕረት ቂጣ፣ ደህና። እሷ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ እየጻፈች ነበር። እሑዶቹ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«እሑድ ምንም ሳይበሉ ነው የሚታመሙት ማለት ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው የማዝነው። ባዶ ሆዴን! ቤተ መቅደሱ ራሱ አልቀበልህም ያለኝ እየመሰለኝ...»

«ቅዳሜስ ምን ይበላሉ?»

ነገርኳት።

ካርቶኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ባቄላ ከበላሁበት ቀን ሁሉ ማግሥት ሕመም ተጽፏል፤ ማየት ባልፈልግም አየሁት።

ስለዚህ በዚያች ቅዳሜ የባቄላ ቅርፊት የምደረድረው ታንጉን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ቸግሮኝ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ከንጋት በፊት ተነስታ የምትቀቅለውን ነገር «ይኼ ነው ያሳመመኝ» ማለት በየትኛው አፍ ይቻላል?

«ምግቤ ተጠላ?» አለች። አሁን ዞራለች።

«ታንጉ፣ ንፋስ መውጫ ያለችው ልጅ አንድ ነገር ብላኛለች።»

«ምን አለችዎ?»

«ባቄላው ነው አለች። ባቄላው፣ ሽሮው፣ ነጭ ሽንኩርቱ። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስበላው ውስጤ ገብቶ ይቦካል፤ ንጋት ላይ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ እሱም ይደርሳል አለች።»

ታንጉ ሳህኑን አየች። ቅርፊቶቹን አየች። 

«እኔ ነኝ ለካ ከመቅደስ ያስወጣሁዎት።»

ንግግር አልችልበትም፤ ዜማ እንጂ ንግግር አልታደልኩም። ቢሆንም የዚያን ዕለት አንድ ነገር መጣልኝ። «ሌላዋ ባሏ እንዲጠግብላት ታበላለች» አልኳት፤ «አንቺ ግን እንድቆም ነበር ያበላሽኝ። የቆምኩትን ሁሉ ባንቺ ነው የቆምኩት።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወዲያው ተነሳችና ሳህኑን ከፊቴ አነሳች። «ቀትር ሊሆን ነው እኮ! ምን ዝም ብለው ይጎለታሉ? ምን ይበላሉ?»

ሦስት ድንች ቀቀለች። በጨው በላሁ፤ ቀትር ሳይሆን ጨረስኩ። በማግሥቱ ንጋት ሆዴ ዝም አላለም፤ ግን እንደ ሌላው እሑድ አልጮኸም። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቆሜ ይህን ልዩነት ሳዳምጥ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ታንጉ ተረከበችው። አመተ ሥላሴ ያለችውን ሁሉ እያስደጋገመች ጠየቀችኝ፤ እኔ የዘነጋሁትን እሷ ያዘች። ቀዩንም ነጩንም ሽንኩርት ከወጤ አወጣች፤ በምትኩ ዝንጅብል ገባ። በርበሬው ሳሳ። ድንችና ካሮት በአልጫ፣ የገብስ ቂጣ፣ አንዱ ትልቅ ምግብ ለሦስት ትንንሽ ተከፈለ። ስበላ ከአጠገቤ ተቀምጣ «ቀስ!» ትለኛለች፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ ምግብ ስውጥ እንጂ ሳላምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማታ ማታ እስከ ኮረብታው ጫፍ ደርሼ እመለሳለሁ። ከመኝታ በፊት የናና ቅጠል በሙቅ ውኃ።

አጃውም መጣ። አጃ በእኛ አገር የአራስ ምግብ ነው፤ ወንድ አጥሚት ሲጠጣ አይታይም። ታንጉ ከገበያ ተሸክማ ስትመለስ ጎረቤታችን መስታወት መንገድ ላይ አገኘቻት። ውኃ ላይ ዝም ከሚሏት አንዷ እሷ ነበረች።

«ወለድሽ እንዴ አንቺ? መቼ አርግዘሽ?»

«ቄሱ ናቸው አራሱ» አለች ታንጉ። «ሆዳቸውን አሟቸው ነው መቅደስ የማይገቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንዳይሰማ አፍረው።»

መስታወት አፏን ይዛ ቀረች አሉ። ማታ አንድ ቁና አጃ በልጇ አስይዛ ላከችልን፤ «ለአራሱ» ብላ። ታንጉ ይህን ስትነግረኝ ከእፍረት ብዛት ፊቴን በጋቢ ሸፈንኩ። በጋቢው ውስጥ ሆኜ ግን ትከሻዬ ላይ የነበረ አንድ ሸክም መውረዱን አወቅኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ውኃ ላይ ማንም ዝም አላላትም።

ሰንበቴ ላይ ነገሩ ይከብድ ነበር። ጠላ አልጠጣም ስል አያ ጓዴ ዋንጫውን ዘርግተው ቀሩ። የሰፈሩ ቀልደኛ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

«ምነው ቄሱ፣ መነኮሱ እንዴ?»

«አልመነኮስኩም አያ ጓዴ፣ ሆዴ ነው።»

«እኔማ መንነው ታንጉን ሊተዉልን ነው ብዬ ጢሜን ላበጥር ነበር።»

ሰዉ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ውኃ አመጡልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቅ ውኃ ነበር የሚቀርብልኝ።

በሐምሌ አራት እሑዶች ሆዴ ንጋት ላይ ጸጥ ብሎ ነቃ። አራቱንም እሑድ ግን አልገባሁም። የማይቆርጠኝ ሆድ ይቆርጠኝ ይሆናል እያልኩ ስፈራ ፍርሃቱ ራሱ ይነካካኝ ጀመር። ከአራተኛው እሑድ በኋላ አባ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ጽናጽል እየወለወሉ ነበር። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተልሔም ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ሆዴ ነው አባ» ብዬ ጀመርኩና ከጥር እስከ አጃው ነገርኳቸው።

ጽናጽሉን አስቀመጡ። «ይህን ነው የደበቅኸኝ? እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ስጸልይልህ ከረምኩ።»

«ምን መስሎዎት?»

«ተወው። ጸሎት አይባክንም፤ ለሆድህ ይሁን።»

«በመሐል ቢመጣብኝስ አባ? ከመንበሩ ፊት?»

 «ረጅም ዜማ ላይ ትንፋሽ ሲያጥርህ ምን አድርግ ብዬ ነበር ያስተማርኩህ?»

«አትሩጥ፣ ዝግ በል።»

«እንዲያ ነው። የምመራው እኔ ነኝ፤ ፊትህን አየዋለሁ። የከበደህ ሲመስለኝ ዜማውን አረዝመዋለሁ። አንተ በዚያ ትተነፍሳለህ። እስኪያልፍልህ አልጨርሰውም።»

እጃቸውን ስምኩ። 

የፍልሰታ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው። ሐምሌ ሠላሳ ቀን በዐሥር ሰዓት ግማሽ እንጀራ በድንች አልጫ በላሁ፤ በዐሥራ ሁለት ሰዓት አጥሚት ጠጣሁ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሳይሆን አፌን ዘጋሁ። ነሐሴ አንድ ቀን ከጉና ተራራ በኩል የመጣው ደመና ቤተ ክርስቲያኑን ሸፈነው። በሰባት ሰዓት ልብሰ ተክህኖዬን ለብሼ ገባሁ። ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ዲያቆኖቹ በጎን ተያዩ። መጋረጃው ተዘጋ።

እስከ ቅዳሴው ግማሽ ድረስ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከእምብርቴ በታች የማውቀው ነገር ተላወሰ። እጄ ላይ ያለው መስቀል ቀዘቀዘኝ። አባ ቀለመ ወርቅ ቀና አላሉም፤ ግን የያዙት ዜማ መርዘም ጀመረ። በአንድ ቃል ላይ ቆዩ፣ ወጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ያ ሁሉ ትንፋሽ ከየት እንደመጣ እግዚአብሔር ይወቀው። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ ነበር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዝግ ብዬ ተነፈስኩ። አንድ። ሁለት። ቁርጠቱ ጠበቀ፣ ቆመ፣ ከዚያ ልክ እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብሎ ተኛ። ዓይኔን ስገልጥ ዜማው አለቀ።

በልብ የሰው ስም የሚታሰብበት ቦታ ስንደርስ ስሞች መጡልኝ። አመተ ሥላሴን አሰብኩ። አንድ ቁና አጃ የላከችውን መስታወትን፣ ወንዝ ሲሻገሩ የከረሙትን ቄስ ሞላልኝን አሰብኩ። ታንጉን አሰብኩ። በጋይንት ብርድ ድንች የሚተክሉትን ሁሉ አሰብኩ።

ሕፃናቱ ቆረቡ። እናቶች አስቆረቡና ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። አያ ጓዴ መስቀል ሲሳለሙ ጆሮዬ ላይ ተጠግተው «አራሱ ተነሳ» አሉ። ፈገግታዬን ዋጥኩ።

ቤት ስደርስ ታንጉ ቀድማኝ ገብታለች። ከራሷ እስከ እግሯ ርሳ ነበር።

«ከዛፉ ሥር አልተጠለልሽም?»

«ከዛፉ ሥር በሩ አይታይም። ዓይኔን ከበሩ ካነሳሁ ትወጣለህ ብዬ እያየሁ ቆምኩ።» ከተጋባን ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም፤ ያመለጣትን ሰምታ ደነገጠች። እኔ ግን ደስ አለኝ።

«አልወጣሁም» አልኳት።

«አልወጡም» አለች እሷም።

ትንሽ አልጫ አቀረበችልኝና እኔ ቀስ ብዬ ሳላምጥ ግድግዳውን እንደተደገፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ሦስት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ቆማለች። ጋቢዬን አለበስኳት።

ዐሥራ አራት ቀን ይቀራል። ነገ ሆዴ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ቢቆጣም ግን ብቻዬን አይደለሁም።

የጎማ ጫማዋ ከደጃፉ ጎን ወድቆ ነበር፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተጋግሮበታል። ወጥቼ ደፉ ላይ ተቀመጥኩና ስንጥር እንጨት አንስቼ ከሶሉ ፍርግርግ ውስጥ ጭቃውን በጥንቃቄ መፋቅ ጀመርኩ። የአንዱን ጨርሼ የሌላውን ያዝኩ። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ሥር ይዤ አጠብኳቸው፤ ውስጣቸውን በገለባ ወለወልኩ። ከዚያ እንዲደርቁ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን አቆምኳቸው።